ጭራሮዋ ልጅና የ1960ው የፋሽን ትርዒት

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው። ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤተሰብ ዘንድ ሄጄ የአክስቴን ሣጥን ሳገላብጥ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ እጄ ገባ። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ፀጉሯ እንደ ወንድ ልጅ አጥሮ ተቆርጧል፤ ዓይኗ በኩል ደምቋል፤ ቀሚሷ ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ይላል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ደብረ ማርቆስ፣ መስከረም 1961 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። «እትዬ፣ ይቺ ማናት?» ብዬ ብጠይቃቸው ሳቅ አሉና «እኔ ነኛ! ምነው፣ ልጅ ሆኜ የማላውቅ መሰለሽ?» አሉኝ።

እንዴ! እኔ አክስቴን የማውቃቸው በረዥም ቀሚስና በነጠላ ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያስተማሯቸው ሰዎችም የሚያስታውሷቸው እንደዚያው ነው። ታዲያ ይህ መልክ ከየት መጣ? ደብረ ማርቆስስ እንዴት ደረሰ? በዚያን ጊዜ እንዲህ ሆኖ መታየትስ ምን ያስከፍል ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች ይዤ ሳነብ ከለንደን እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ እስከ ራሳችን ጎጃም የሚደርስ ታሪክ አገኘሁ። እስቲ ከመነሻው እንጀምር።

ሞዴልና «ሚዩዝ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሞዴል ማለት በአጭሩ ሌላ ሰው የሠራውን ልብስ ለብሳ ወይም ለብሶ ለገዢ የሚያሳይ ባለሙያ ነው። አንዳንዱ በመድረክ ላይ እየተራመደ ያሳያል፤ አንዳንዱ ደግሞ ለፎቶ ብቻ ይቆማል። ሥራው ከውጭ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ለአንድ ገጽ ፎቶ ለብዙ ሰዓት መቆም፣ ፀጉር መሠራት፣ መቀባትና መታጠብ፣ ደግሞም እንደገና መቀባት አለ።

«ሚዩዝ» የሚለው ቃል ደግሞ ከጥንት ግሪኮች የመጣ ነው። ግሪኮች ግጥምን፣ ሙዚቃንና ሌሎች ጥበቦችን የሚጠብቁ ዘጠኝ እህትማማች አማልክት አሉ ብለው ያምኑ ነበር። ለእኛ ትምህርት ክፍል ደስ የሚለው ከዘጠኙ አንዷ ክሊዮ የምትባለው የታሪክ ጠባቂ መሆኗ ነው። በዛሬው አነጋገር ግን ሚዩዝ የሚባለው በመልኩ፣ በጠባዩ ወይም በአኳኋኑ ለሌላው ሰው የፈጠራ መነሻ የሚሆን ሰው ነው።

ለምሳሌ አሜሪካዊቷ ፔጊ ሞፊት የልብስ ዲዛይነሩ የሩዲ ገርንራይክ ሚዩዝ ነበረች። እሱ ልብሱን ይቀርጻል፤ እሷ ደግሞ በዚያ ልብስ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም፣ ዓይን እንዴት እንደሚቀባ፣ እጅ የት እንደሚሆን ታስባለች። ፎቶውን የሚያነሳው ባሏ ዊልያም ክላክስተን ነበር። ፀጉሯን የቆረጠላት ደግሞ የለንደኑ ፀጉር ሠሪ ቪዳል ሳሱን ነው። ሞፊት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. አርፋለች። እሷና ባለሙያዎቹ የሠሩት መልክ ግን እስካሁን «የስድሳዎቹ መልክ» ሲባል ከሚታሰቡት አንዱ ነው። ስለዚህ ሚዩዝ ዝም ብላ የምትታይ ሴት ብቻ አይደለችም ማለት ነው። የሥራው ተካፋይ ናት፤ ስሟ ግን ብዙ ጊዜ ከልብሱ ባለቤት ስም በኋላ ይመጣል።

«ጭራሮ» የተባለችው ልጅ

የዚያ ዘመን መልክ ከሁሉም በላይ የሚያያዘው ግን ከአንዲት የለንደን ልጅ ጋር ነው። ስሟ ሌስሊ ሆርንቢ ይባላል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። ዓለም የሚያውቃት «ትዊጊ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። ወደ እኛ ቋንቋ ስንመልሰው «ጭራሮ» እንደማለት ነው። በእኛ አገር ጭራሮ እሳት ይያያዝበታል እንጂ ለሴት ልጅ ስም አይሆንም። አንዲትን ልጅ «ጭራሮ» ያላት ሰው ሰድቧታል እንጂ አላመሰገናትም።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ትዊጊ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ሌናርድ የሚባል የታወቀ ፀጉር ሠሪ ፀጉሯን አሳጥሮ ቆረጠላት፤ ቀለም ተቀባ፤ ሥራው ሰባት ሰዓት ያህል ፈጀ። ባሪ ላቴጋን የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ አነሳትና ፎቶው ፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ፎቶውን አንዲት የጋዜጣ አምደኛ አየችው። ከዚያም በየካቲት ወር «ዴይሊ ኤክስፕረስ» የተባለው ጋዜጣ «የ1966 ፊት» ብሎ አወጣት። በዓመቱ ኒው ዮርክ ስትገባ ጋዜጠኛ ሁሉ ከበባት።

ትዊጊ ቁመቷ 1 ሜትር ከ68 ሳንቲ ገደማ ሲሆን ክብደቷ 41 ኪሎ ያህል ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩት ታዋቂ ሞዴሎች ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ጓንት የሚያጠልቁ፣ የሀብታም ሚስት የሚመስሉ ሴቶች ነበሩ። እሷ ግን ተማሪ ትመስላለች። የመጣችውም ከተራ ሠራተኛ ቤተሰብ ነው፤ ስትናገር እንኳ አነጋገሯ የሰፈሯን ነው። በዚያ አገር ደግሞ አነጋገር የመደብ መታወቂያ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1970 ዓ.ም. ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለች ሞዴልነቱን ተወችው፤ ወደ ትወናና ዘፈን ገባች። በ1971 የወጣው «ዘ ቦይ ፍሬንድ» የተሰኘው ፊልሟ ሁለት የጎልደን ግሎብ ሽልማት አስገኝቶላታል። በ2019 ደግሞ ከአገሯ መንግሥት «ዴም» የሚለውን ማዕረግ አግኝታለች።

ቅጥነቷ ግን ያኔም ወቀሳ አላጣውም። እሷ በተፈጥሮዬ ነው ብትልም እሷን ለመምሰል ሲሉ ምግብ የሚቀንሱ ልጃገረዶች ጉዳይ ብዙ አነጋግሯል። በእኛ በኩል ይህ ነገር ለመረዳት ያስቸግራል። ከከተማ ወደ ገጠር ቤተሰቡ የሄደ ሰው የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ምነው ከሳሽ፣ አመመሽ እንዴ?» ነው። «ወፈር ብለሽ መጣሽ» ከተባለ ደግሞ ምስጋና ነው። ድርቅና ረኃብ የሚያስታውስ ሕዝብ ክሳትን ለውበት አይመኘውም። ጠግቦ የሚያድር አገር ብቻ ነው ቅጥነትን ፋሽን ሊያደርግ የሚችለው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

መልኩ እንዴት ተሠራ?

የስድሳዎቹ መልክ የሚባለው ሦስት ነገር ነው፤ ፀጉር፣ ዓይንና ቀሚስ።

ፀጉር፦ ከዚያ በፊት የፈረንጅ ሴቶች ፀጉር በየሳምንቱ ፀጉር ቤት እየተጠቀለለ፣ ስፕሬይ እየተነፋበት የሚቆም ነበር። ቪዳል ሳሱን ያመጣው ለውጥ ፀጉሩን በመቁረጥ ብቻ ቅርጽ መስጠት ነው። ታጥቦ ሲደርቅ ራሱ ቦታው ይመለሳል። ይህ ለሠራተኛ ሴት ጊዜና ገንዘብ አተረፈላት።

ዓይን፦ ትዊጊ ሰው ሠራሽ የዓይን ሽፋሽፍት ደራርባ ታደርግ ነበር፤ ከታች ደግሞ በቀለም አንድ በአንድ ትስለዋለች። ሐሳቡን የወሰደችው ከአሻንጉሊት ነው።

ቀሚስ፦ ሚኒስከርት የሚባለው ነው። ስሙን የሰጠችው ሜሪ ኳንት ናት ይባላል፤ የምትወዳት ትንሿ ሚኒ መኪና ስም ናት። ኳንት እ.ኤ.አ. በ1955 ዓ.ም. ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ «ባዛር» የተባለ ሱቅ ከፈተች። ፈረንሳዊው አንድሬ ኩሬዥም በ1964 አጫጭር ቀሚሶችን አቅርቧል። ማን ቀደመ የሚለው አከራካሪ ነው። ኳንት ራሷ ግን አጭሩን ቀሚስ የፈጠሩት በመንገድ ላይ የሚሄዱት ልጆች ናቸው ትል ነበር። ለመስፋፋቱም ምክንያት አለው። ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ልጆች አድገው የራሳቸው ደመወዝ ያላቸው ሠራተኞች ሆነዋል፤ እስከ ወገብ የሚደርስ ታይት በገበያ ላይ ወጥቷል፤ መጽሔትና ቴሌቪዥን ደግሞ ዛሬ ለንደን የተለበሰውን በሳምንቱ ለዓለም ያሳያል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን ስናይ ነገሩ ያን ያህል እንግዳ አይደለም። ፀጉርን ቆርጦ መልእክት ማስተላለፍ የቆየ ባህላችን ነው። ያላገባች ልጃገረድ መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ሳዱላ ትተዋለች፤ ስታገባ ታሳድገዋለች። ሹሩባው፣ ጎፈሬው፣ የሕፃኑ ቁንጮና ጋሜ ሁሉ የሰውን ዕድሜና ማዕረግ ይናገራል። ዓይንን መኳልማ ከማን ተምረን ነው! አጭር ልብስም ቢሆን ጎጃምን አያስደነግጠውም። የጎጃም ገበሬ ሜሪ ኳንት ሳትወለድ ጀምሮ ጭኑን አሳይቶ በቁምጣ ነው የሚሄደው። ልዩነቱ ቁምጣው የወንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የልብሱ ማጠር ሳይሆን ማን ለበሰው የሚለው ነው።

«ስድሳዎቹ» በማን አቆጣጠር?

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ፈረንጆች «ስድሳዎቹ» ሲሉ በእኛ ከ1952 እስከ 1962 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ነው። እኛ «ስድሳዎቹ» ስንል ግን ከ1960 እስከ 1969 ዓ.ም. ማለታችን ነው፤ የተማሪው እንቅስቃሴ የጋለበት፣ አብዮቱ የፈነዳበት፣ ብዙ ወጣት ያለቀበት ዘመን። አንዱ ቃል ለእነሱ ሚኒስከርትና ሙዚቃ፣ ለእኛ ደግሞ ሰልፍና ደም ያስታውሳል። ሁለቱ የሚገናኙት 1960 ዓ.ም. ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም እዚያ ላይ ነው ያለው።

በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ወደ ዓለም በሰፊው የተከፈተች ከተማ ነበረች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ተመሥርቷል። ቴሌቪዥን በ1957 ጥቅምት ላይ ሥራ ጀምሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በጄት መብረር ጀምሯል። ከ1955 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ከተሞች ገብተዋል። ከእነሱ ጋር መጽሔቱም፣ ሸክላውም፣ አለባበሱም ገባ።

ያኔ በአገራችን ሞዴልነት እንደ ሙያ ገና አልታወቀም። የአለባበስና የመልክ አርአያ የሚሆኑት የመድረክ ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል አስናቀች ወርቁን መጥቀስ ይበቃል። የሴቶችን ገጸ ባሕርይ ሳይቀር ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን ወደ ትያትር መድረክ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ክራር ትጫወታለች፤ ትዘፍናለች፤ በአለባበሷም ብዙዎች ይከተሏት ነበር። ያረፈችው በ2004 ዓ.ም. መስከረም ነው። ስለ ሕይወቷም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቷል። ሚዩዝ የሚለውን ቃል በአማርኛ ማስረዳት ሲያቅተኝ የምጠራው የእሷን ስም ነው።

መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም.

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በስድስት ኪሎው ራስ መኮንን አዳራሽ፣ መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም. የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ ሁዳዴ ጾም ነው፤ ቀኑም የማርያም። ልብሱን ለብሰው ሊያሳዩ የተዘጋጁት ሴት ተማሪዎች ነበሩ። ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ ለተቃውሞ ወጡ። ወደ አዳራሹ የሚገቡትን እንግዶች በጩኸት ተቀበሏቸው፤ ፖሊስ ደረሰ፤ ግጭት ሆነ። የታሰሩ ተማሪዎች ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። በኢትዮጵያ ተማሪዎች እንቅስቃሴ ታሪክ ይህ ክስተት ከየካቲት 1957ቱ «መሬት ለአራሹ» ሰልፍ ቀጥሎ ከሚነሱት ዋና ዋና ክስተቶች አንዱ ነው።

የተቃዋሚዎቹ ምክንያት በአጭሩ ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ሕዝቡ በድህነት እየማቀቀ የቅንጦት ልብስ ማሳየት ሕዝብን መናቅ ነው አሉ። ሁለተኛ፣ ይህ የምዕራባውያን ባህል በእኛ ላይ የሚጫንበት መንገድ ነው አሉ፤ ወቅቱ የቬትናም ጦርነት ስለነበር በአሜሪካ ላይ ያለው ቁጣም ትልቅ ነበር። ሦስተኛ፣ ፋሽን ሴትን ዕቃ ያደርጋታል አሉ።

እነዚህን ምክንያቶች ዛሬ ስናነባቸው የሚናቁ አይደሉም። እኔ ራሴ ሁለቱን እቀበላለሁ። ጠግቦ የሚያድር አገር ብቻ ነው ቅጥነትን ፋሽን የሚያደርገው ያልኩትም ለዚህ ነው።

በዚያው ዓመት ጎጃም

ለመሆኑ በዚያው ወር እኛ ጋ ምን ነበር? መንግሥት በ1960 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ። አዋጁ አሥራቱን ተክቶ ገበሬው ከሚያገኘው ምርት ላይ ግብር የሚያስከፍል ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ አዲሱ ግብር ከአሥራቱ የተሻለ ሊባል ይችላል። የጎጃም ገበሬ ግን ሌላ ነገር ታየው። ምርት ለመገመት መሬት ሊለካ ነው፤ መሬት ከተለካ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ። በጠቅላይ ገዢው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ላይ የቆየ ምሬትም ነበረ። በሞጣ፣ በቢቸናና በሌሎችም አውራጃዎች ገበሬው አልገብርም ብሎ ተነሳ። ጦር ተላከ፤ አውሮፕላንም ተሰማርቶ ቦምብ ተጣለ። በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዢውን አነሱ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው በክንዱ ካስቀየራቸው ጥቂት አዋጆች አንዱ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ተመልከቱ። ስድስት ኪሎ ላይ ስለ ቀሚስ ሲጣሉ ጎጃም ውስጥ ሰው በግብር ምክንያት ጫካ ይገባ ነበር። የተማሪዎቹ ቁጣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትክክል ይመስላል።

የአክስቴ ፎቶ ታሪክም እዚህ ላይ ይገባል። አባታቸው፣ ማለትም የእኔ አያት፣ በዚያ ክረምት ጫካ ከገቡት አንዱ ነበሩ። አክስቴ ያኔ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ይማራሉ። አንዲት ፈረንጅ መምህርት የሰጠቻቸው መጽሔት ላይ ፀጉሯ ያጠረ ልጅ አይተው ነበርና አንድ ቀን ከጓደኛቸው ጋር በመቀስ ቆረጡት። በማግሥቱ ቅዳሜ ወደ አገር ቤት ሄዱ። «ገና ከመንገድ ሳልደርስ» አሉኝ አክስቴ፣ «አንዲት ጎረቤታችን ራሴን አየችና ነጠላዋን ጥላ ጮኸች። በእኛ አገር ሴት ፀጉሯን የምትቆርጠው ሰው ሲሞትባት ነዋ! ከተማ ላይ የአባቴን መርዶ ሰምቼ የመጣሁ መሰላት። ሰፈሩ ሁሉ እያለቀሰ ቤታችን ገባ። እናቴ ወደቀች። እኔ ደግሞ 'ፋሽን ነው' ብዬ እንዴት ልንገራቸው? በምን ቋንቋ?»

አያቴ በሕይወት ነበሩ፤ ከአዋጁ መቀልበስ በኋላም ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ሲመለሱ ልጃቸውን አይተው ምን አሉ ብዬ ጠየቅሁ። «'እኔ ሳልሞት አለቀስሽልኝ፤ እንግዲህ ስሞት እንዳታለቅሺ' አለኝና ሳቀ። ፎቶውን የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱ ነው ብሩን የሰጠኝ» አሉኝ።

ታዲያ ማን ይጠየቅ?

ይህን ታሪክ ከሰማሁ በኋላ የ1960ውን ተቃውሞ እንደገና አሰብኩበት። ጎጃሜው ገበሬ በግብሩ ላይ ተነሳ፤ አጭር ፀጉር ባላት ልጁ ላይ ግን አልተነሳም። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ በገበሬው ስም ተቆጣ፤ ቁጣው ያረፈው ግን እንደ እሱ ተማሪ በሆነችው ሴት ላይ ነው። አዋጁን ያወጡት እነዚያ ሴት ተማሪዎች አይደሉም፤ መሬቱም በእጃቸው አልነበረም። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ሴቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ እዚያ ለመድረስም ከወንዱ የበለጠ ተግዳሮት አልፈዋል።

ሌላም ነገር አለ። የወንዱ ተማሪ ኮትና ከረባት ከየት መጣ? ከጎጃም ሸማኔ አይደለም። ትንሽ ቆይቶ የመጣው አፍሮና ቤልቦተምስ? ይህን የለበሰ ወንድ የባህል ወረራ አመጣህ ተብሎ አዳራሽ በር ላይ ሲጮህበት አላነበብኩም። የባህል ጠባቂነት ሸክም በሴቷ ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን ጉዳዩ ከባህል ወጥቶ ሥልጣን ይሆናል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ያኔ ስለ ልብስ የሚያስቡ ሴቶች ስለ አገር አያስቡም ነበር» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። የሕክምና ተማሪዋ ማርታ መብራህቱ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዋለልኝ መኮንንና ከሌሎች ጓዶቿ ጋር አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ተገድላለች። ድርጊቱን እያንዳንዳችን እንደ አመለካከታችን ልንመዝነው እንችላለን። ነገር ግን የዚያን ዘመን ሴት ተማሪ በቀሚሷ ርዝመት መለካት እንደማይቻል ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ

ፋሽኑ ዓለም በበኩሉ ለጥቁር ሴት በሩን የከፈተው በዝግታ ነው። ዶንያሌ ሉና የተባለች የዲትሮይት ልጅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያው «ቮግ» ሽፋን ላይ በመውጣት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆናለች፤ ትዊጊ በጋዜጣ በወጣች በሳምንታት ልዩነት ማለት ነው። የትኛዋን ስም ዓለም እንዳስታወሰ ግን እናውቃለን። በ1975 ሶማሊያዊቷ ኢማን ከናይሮቢ ተነስታ ኒው ዮርክ ገባች።

ከእኛ አገር በሰፊው የታወቀችው ሊያ ከበደ ናት። እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዳ ሊሴ ገብረ ማርያም ተምራለች። የፓሪሱ «ቮግ» የግንቦት 2002 እትሙን በሙሉ ለእሷ ሰጥቷል። በ2003 የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ድርጅትን የምትወክል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። በ2005 የዓለም ጤና ድርጅት የእናቶችና የሕፃናት ጤና በጎ ፈቃድ አምባሳደር ተደረገች። በ2007 ደግሞ «ለምለም» የተባለውን የልብስ ድርጅት አቋቋመች። የሊያ ሐሳብ የተነሳው ከሸማኔዎቻችን ነው፤ ገበያ አጥተው ሥራቸውን ሊተዉ መሆናቸውን አይታ ጥበባቸውን ለውጭ ገበያ አቀረበችው።

ይህ ወደ አንድ የራሳችን ነውር ይመልሰኛል። እናቶቻችን በእንዝርት የፈተሉትን ጥጥ ሸማኔው ጥበብ አድርጎ ያወጣዋል። ለዓመት በዓልና ለሠርግ ያለ እሱ አንደምቅም። ነገር ግን በዚሁ በእኛ ደጋ ሸማኔው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ፣ ልጅ ሲከለከል ኖሯል። አዳራሽ ውስጥ ልብስ ለባሿን ሴት አወገዝን፤ መንደር ውስጥ ልብስ ሠሪውን ሰደብን። ባህላችን ይከበር የምንል ከሆነ ባህሉን በእጁ የሚሠራውን ሰው ማክበር የመጀመሪያው መሆን ነበረበት።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ የስድሳዎቹ መልክ የሚባለው የአንዲት ሞዴል ፀጉር ብቻ አይደለም። ወጣቱ ገንዘብ ሲያገኝ፣ ሴቷ ሥራ ስትወጣ፣ ፎቶ ከአገር አገር በፍጥነት ሲዘዋወር የተወለደ ነገር ነው። ወደ አገራችን ሲደርስ ደግሞ ትርጉሙ ተለወጠ። ለንደን ላይ የነፃነት ምልክት የሆነው ስድስት ኪሎ ላይ የቅንጦት፣ በአክስቴ መንደር ደግሞ የሐዘን ምልክት ሆነ። ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፦ ልብስን ለመተርጎም ከመቸኮል በፊት የት፣ መቼ፣ ማን ለበሰው ብሎ መጠየቅ።

ይህን የምጽፈው ለታሪክ ብቻ ብዬ አይደለም። ዛሬም በየግቢው ሴት ተማሪ ገና ከዶርም ስትወጣ ስለ ልብሷ የሚናገራት አይጠፋም። ጠባብ ከለበሰች ባለጌ፣ ሰፊ ከለበሰች ባላገር ትባላለች። በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና ወድቃ የምትመለሰውን እህታችንን ግን ለምን ወደቀች ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ቁጣችን ካለ እዚያ ላይ ይሁን።

አክስቴ ፎቶውን ሰጥተውኛል። ዶርም ውስጥ አልጋዬ አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ሲሰጡኝ «ፀጉርሽን ብትቆርጪ ቁረጪ፤ ግን አስቀድመሽ ለእናትሽ ደውይላት» አሉኝ። እኔም እስካሁን አልቆረጥኩም። የቆረጥኩ ዕለት ግን እደውላለሁ።